ኋላ የቁስለኛ ነው

ዓርብ በመጣ ቁጥር፣ ዶሃ፣ ናጅማ ሰፈር ውስጥ ከስልክ ጥገና ሱቁ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ሜጀር ጄኔራል ላቀው ወልደየስ ልክ ከምሳ በኋላ ይወለዳሉ። ሻዩ ሲፈላ ሐረር ጦር አካዳሚ ይገባሉ። ሁለተኛው ብርጭቆ ሲቀዳ ምሥራቅ ግንባር ላይ ትከሻቸውን ይመታሉ። ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰው ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ኮርኒሽ ለመውጣት ጫማውን መፈለግ ሲጀምር ደግሞ የጄኔራልነት ማዕረጋቸውን ይለጥፋሉ። ይህን ሁሉ በወሬው የሚያደርጋቸው የቀድሞ ሾፌራቸው ደምሰው ነው።

ደምሰው ሃምሳን ዘለል ያደረገ፣ ወገቡ ያልጎበጠ፣ በዕረፍት ቀኑ እንኳ ጺሙን ሳይላጭ የማይውል ሰው ነው። ዶሃ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ። የአንድ ኳታራዊ ቤተሰብ ሾፌር ሲሆን፣ ሳምንቱን ሙሉ ባባን፣ የቤቱን ጌታ፣ ወንዶች ወደሚሰበሰቡበት መጅሊስ፣ ማዳምን ወደ ገበያ ሲያመላልስ ይሰነብትና ዓርብ ሲደርስ ወዳጆቹ ዘንድ ይመጣል። ክፍሏ የጥጋቡና የሚፍታህ ናት። ጥጋቡ የሕንፃ ጥበቃ ነው፤ ሚፍታህ የውሃ ቦቴ ይነዳል። ሁለቱም የጄኔራሉን ታሪክ ከመስማት ብዛት፣ ደምሰው መሀል ላይ ቢያቆም ተቀብለው ሊጨርሱት ይችላሉ። እሱ ግን መቼም አያቆምም።

ታሪኩ ፍቼ ላይ ይጀምራል። ላቀው የገበያ ልብስ ሰፊ ልጅ ነበሩ። እርሳስ ከመያዛቸው በፊት መርፌ ይዘዋል፤ ኋላ ጄኔራል ሆነው እንኳ የወለቀ ቁልፋቸውን ራሳቸው ይተክሉ ነበር እንጂ ለአጃቢ አይሰጡም። አካዳሚ ሲገቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ምክትል መቶ አለቃ ሆነው የተመረቁ ዕለት አባታቸው ከፍቼ ሐረር ድረስ ሄዱ፤ ልጃቸውን ከመሳማቸው በፊት የኮቱን ጫፍ ገልበጥ አድርገው ስፌቱን አዩ። «ደህና ሰው ነው የሰፋው» አሉ ይባላል። እዚህ ላይ ሚፍታህ ሁልጊዜ ከት ብሎ ይስቃል፤ ደምሰውም ሁልጊዜ ሳቁ እስኪያልቅ ይጠብቀዋል።

ከዚያ ኦጋዴን አለ፤ ግመል ያለ ውሃ የሚከርምበት በረሃ ውስጥ እንደ ተራ ወታደር በኮዳ ክዳን እየለኩ የጠጡበት ዘመን። ከዚያ የምሥራቁ ጦርነት፣ የትከሻው ቁስል፣ ሆስፒታል። ከዚያ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት፤ ከዚያ ያመጡት ሻይ ያለ ስኳር መጠጣትን ብቻ ነው ይላል ደምሰው። ኮሎኔል ሆነው ወደ ሰሜን ሲዘምቱ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ወሩ የሆነ የወሊሶ ልጅ ሾፌር አድርገው ሰጧቸው። ታሪኩ ውስጥ ደምሰው የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ ድምፁም ከዚህ ጀምሮ ይለወጣል።

የመጀመሪያው ቀን ላንድሮቨሩን አጠበ። የኋላውን ወንበር በራሱ መሐረብ ወለወለ። ኮሎኔሉ ሲመጡ የኋላውን በር ከፍቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ትልቅ ሰው ኋላ ይቀመጣል፤ አዲስ አበባ ያየው ይህንን ነው። ኮሎኔሉ በሩን አዩት፣ እሱን አዩት።

«ኋላ የቁስለኛ ነው» አሉና ጋቢና ገቡ።

ከዚያ ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ውሃና ቤንዚን?» ሲሉ ጠየቁት። ሙሉ ነው ጌታዬ፣ አለ። በዚያ ዘመን «ጓድ» ማለት ነበር ደንቡ፤ እሱ ግን ደንግጦ ጌታዬ አለ፣ እሳቸውም አላረሙትም፣ በዚያው ጸና። የዚያኑ ዕለት ከከረን በላይ ካለው ዳገት ሲመለሱ መንገድ ዳር ሁለት ቁስለኞች አገኙና ኋላ ጫኑ። ደምሰው ቶሎ ላድርሳቸው ብሎ ነዳጅ ሲረግጥ ኮሎኔሉ እጃቸውን አነሱ። ቀስ ብለህ ንዳ፣ ኋላ ቁስለኛ አለ፣ አሉት። ስምንት ዓመት እንዲህ ነዳቸው። ማዕረጋቸው ከፍ አለ፣ መኪናው ተቀየረ፣ የኋላው ወንበር ግን የማን እንደሆነ አልተለወጠም። አንዳንድ ቀን ባዶውን ይሄዳል፤ አንዳንድ ቀን ማታ ማታ ደምሰው በባልዲ ውሃ ያጥበዋል። ይህን ሲናገር ሻዩን ያስቀምጣል።

መጨረሻው ግንቦት 1983 ነው፤ አዲስ አበባ። ጦሩ ተበትኗል፣ መኮንኖች ሪፖርት እንዲያደርጉ በሬዲዮ ተጠርተዋል። ጄኔራሉ ያን ጠዋት እንደ ወትሯቸው ውሃና ቤንዚን ጠይቀው ጋቢና ገቡ። አንድ ትልቅ የብረት በር ፊት አስቆሙት፣ ወረዱ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «እዚህ ጠብቀኝ» አሉና ገቡ። አልወጡም። በማግስቱ ፀጉራቸውን ያጎፈሩ ታጋዮች መጥተው የመኪናውን ቁልፍ ተቀበሉት፤ እሱ ግን ያለ መኪናም ቢሆን በሩ ላይ አንድ ቀን ጨምሮ ቆመ። በኋላ ሰው ገፍቶ ወሰደው። ስለዚህ ደምሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ፣ እኔ እስከ ዛሬ አልተሰናበትኩም፣ ጠብቀኝ እንደተባልኩ ነኝ፣ ይላል። ሰው ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቃል፣ ግን ትንሽ ዘግይቶ።

ጥጋቡ ይህን ታሪክ ካመነ እንኳ ግማሹን ነው። የጥበቃ ሥራ ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል መሰለኝ። እኚህን ጄኔራል አንተው ነህ የሰፋሃቸው፣ እያለ ይቀልድበታል፤ ስሙንም «ጄኔራሉ» ብሎ አወጣለት። ደምሰው አይቀየምም። የሚቀየመው ሚስቱ ቦጋለች ከወሊሶ ስትደውል ብቻ ነው፤ እሱም በራሱ ላይ ነው የሚቀየመው። መቼ ነው የምትመጣው ትለዋለች። የሚቀጥለው ዓመት ኢንሻአላህ፣ ይላታል። እሷም የኢንሻአላህህን ነገር ተወው ትልና ስልኩን ለልጆቹ ትሰጣለች። ልጆቹ አድገው አግብተዋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ግን አሁንም የሚቀጥለው ዓመት ነው። ለምን እንደማይሄድ ራሱም አያውቀውም። ቤቱ ተሠርቷል፣ ጣሪያው ተመትቷል። አንድ ነገር ሳይጨርስ የሚሄድ ይመስለዋል።

በፈረንጆቹ 2016 መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ ጥጋቡ ከጸሎት ኅብረቱ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ጥጋቡ ጴንጤ ነው፤ ከኅብረት ሲመለስ ደስ ብሎት እየዘመረ ነበር የሚገባው። ያን ቀን ግን ደምሰውን አፍጥጦ ያየዋል። ምን ሆንክ ሲሉት ቀስ ብሎ ነገራቸው። ቤርሳቤህ የምትባል፣ ሐማድ አውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ እህት ተነስታ ጸልዩልኝ ብላለች። አባቷን ለአንድ ወር በጉብኝት ቪዛ አምጥታቸዋለች፤ አእምሯቸው እየከዳቸው ነው፣ እሷንም አንዳንዴ ማን ነሽ ይሏታል። ስማቸው ማን እንደሆነ ሲጠይቋት ሜጀር ጄኔራል ላቀው ወልደየስ አለች። ጥጋቡ ይህን ተናግሮ አንገቱን ደፋ። ደምሰው ሻዩን እያማሰለ ነበር። ማማሰሉን ሳያቆም፣ በሕይወት አሉ? አለ፤ ከዚያ ተነስቶ ሸሚዙን መተኮስ ጀመረ።

በማግስቱ ባባን አስፈቅዶ ፈሪጅ አብዱልአዚዝ ሰፈር ወዳለው የቤርሳቤህ ቤት ሄደ። ደረጃውን ሲወጣ ምን እንደሚል አሰላስሎ ጨርሷል፤ ያላወቀው እሳቸው የሚሉትን ነው። ሶፋው ላይ ጠይም፣ ቀጭን፣ ሹራብ የደረቡ አዛውንት ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። እጃቸው ግን ያው ነው፤ ረጅም ጣት፣ የመርፌ ልጅ እጅ። ደምሰው ተረከዙን ገጭ አድርጎ ቆመ።

ጄኔራሉ በትሕትና ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። እንደምን አሉ፣ ይቀመጡ፣ ከየት መጡ፣ አሉት። እንደ ማንኛውም እንግዳ አንቱ ብለው።

ደምሰው ተቀመጠ። ስድብ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ስሙን ነገራቸው፣ ከረንን ነገራቸው፣ ላንድሮቨሩን ነገራቸው። ጄኔራሉ ጨዋ ሰው ስለሆኑ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት፤ ሲጨርስ፣ ልጆች አሉዎት ወይ፣ ብለው ጠየቁት። ወጥቶ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ሞተር ሳያስነሳ ብዙ ቆየ። ጠብቀኝ ያለው ሰው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ተገኝቶ፣ ከየት መጡ አለው፤ እንዴት ነው ሆድ የማይብሰው?

ቤርሳቤህ ግን አልለቀቀችውም። ደውላ እንዲመለስ ለመነችው። ለእሳቸው ሳይሆን ለእሷ እንዲያወራት ነበር የፈለገችው። አባቷ ሲታሰሩ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ በፊትም ግንባር ነበሩ። ሲፈቱ ትልቅ ልጅ ሆና ጠበቀቻቸው፤ እሳቸው ደግሞ ስለ ጦሩ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ዶሮ ማርባት ጀመሩ። ሰው ስለ ጄኔራል ላቀው ሲያወራ እየሰማች ያደገችው ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ አድርጋ ነው።

«ለወታደሮቹ አባት ነበር ይላሉ፣ ጋሼ» አለችው። «እኛ ቤት ግን እንግዳ ነበር።»

ደምሰው የሚያውቀውን አደረገ፤ ከፍቼ ጀመረላት። ወሩን ሙሉ፣ ሹግሉ፣ ሥራው፣ ሲፈታለት ሁሉ እየሄደ፣ ናጅማ ያወራውን ሁሉ አወራላት። ስፌቱን የገለበጡትን አያቷን ሰምታ አታውቅም ነበር፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የኋላው ወንበር የማን እንደሆነ ሲነግራት ግን ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ጄኔራሉ አጠገባቸው ተቀምጠው ስለማያውቁት ሰው እንደሚወራ ሁሉ ያዳምጣሉ፤ አንዴ እንኳ «ምስኪን፣ ብዙ ተንከራቷል» አሉ ስለ ራሳቸው። ደምሰው በመጣ ቁጥር ብድግ ብለው ይጨብጡታል፣ ከየት እንደመጣም ይጠይቁታል። እሱም በየጊዜው ከበሩ ሲገባ ዓይናቸውን ያያል፤ ዛሬስ ያውቁኝ ይሆን ብሎ። ወሩ እያለቀ ነው። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ እሱ መቼ ያገኛቸዋል? ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ጥጋቡ ግን ገባው፣ በጄኔራሉ መቀለዱንም እርግፍ አድርጎ ተወ።

መመለሻቸው ደረሰ። እንደ ዕድል ሆኖ ጥጋቡ የዓመት ፈቃዱን በዚያው ሰሞን አግኝቶ ስለነበር፣ በአንድ አውሮፕላን ይዟቸው እንዲሄድና ለወንድ ልጃቸው እንዲያስረክባቸው ተስማሙ። አየር ማረፊያ የሚያደርሳቸው ደምሰው ነው። ባባ ላንድክሩዘሩን ፈቀደለት።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ደምሰው መኪናውን ጠዋት አጥቦታል፣ ወንበሩን ወልውሎታል። ሕንፃው በር ላይ አቆመ፣ ወረደ፣ በመኪናው አፍንጫ በኩል ዞረና የኋላውን በር ከፍቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። አሥራ አንድ ዓመት ለባባ ያደረገውን፣ እጁ ከለመደው የተነሳ ሳያስበው የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ጥጋቡ ሻንጣ ጭኖ በወዲያኛው በር ገባ። ቤርሳቤህ አባቷን ደግፋ መጣች።

ጄኔራሉ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቤርሳቤህ ግባ እንጂ አባዬ፣ ይረፍድብናል፣ አለችና ክንዳቸውን ያዘች። ክንዳቸውን ቀስ አድርገው አስለቀቁ። የተከፈተውን በር አዩት። በሩን የያዘውን እጅ አዩት። ከዚያ ፊቱን አዩት፤ ደምሰውም አሁን ከየት መጡ ይሉኛል ብሎ ጠበቀ።

«ኋላ የቁስለኛ ነው» አሉ።

የደምሰው እጅ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር አፉ ሲያወራው የኖረውን ነገር ረስቶት ነበር። በሩን ዘጋ፤ እንዴት እንደዘጋው አያስታውስም። የጋቢናውን ከፈተ። ጄኔራሉ እንደ ልማዳቸው የበሩን ጫፍ ይዘው ወጡና ተመቻችተው ተቀመጡ። እሱ ዞሮ ከመሪው ኋላ ሲገባ ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ደምሰው፣ ውሃና ቤንዚን?»

«ሙሉ ነው፣ ጌታዬ።»

ቤርሳቤህ ከጥጋቡ ጎን ገባች። ጥጋቡ፣ ወሬ ካላወራ የሚያመው ሰው፣ ኋላ ወንበር ላይ አፉን ይዞ ተቀምጧል። ደምሰው መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል፤ ዞር ብዬ ካየኋቸው ይጠፉብኛል ብሎ ፈርቷል። ትልቁ መንገድ ላይ ሲወጡ እግሩ ሳይታወቀው ነዳጁን ረገጠ። ከኋላ ቤርሳቤህ ሳትፈልግ አንዴ ሳግ አመለጣት። ጄኔራሉ ዞረው አላዩም። እጃቸውን ብቻ ከጉልበታቸው ላይ አነሱ።

«ቀስ ብለህ ንዳ። ኋላ ቁስለኛ አለ።»

ያኔ ቤርሳቤህ እንደ ሕፃን ልጅ ጮክ ብላ አለቀሰች። ጥጋቡ የሚያደርገው ጠፍቶት መሐረቡን ሰጣት። ደምሰው ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ከኋላ ያሉ መኪኖች ጡሩንባ እየነፉ ቢያልፉትም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በቀኙ ይዞ እየዳኸ ሄደ። መንገዱ ምነው በረዘመ አለ በልቡ።

አየር ማረፊያው በር ላይ በሩን ከፈተላቸው። ወረዱ። ነፋስ ነበር። የሹራባቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፉና ቀና አሉ። ቤርሳቤህና ጥጋቡ ሻንጣውን ጋሪ ላይ ያወጣሉ። ጄኔራሉ የሕንፃውን ትልቅ በር አዩ፣ ከዚያ ሾፌራቸውን አዩ፤ እጅግ ያስለቀሰኝ ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ሐፍረት ነው ይላል ደምሰው፣ ይህን ሲያወራ።

«ቆየሁብህ አይደል?» አሉት።

«ምንም አይደል፣ ጌታዬ።»

«በል እንግዲህ፣ ወደ ቤትህ ሂድ።»

ደምሰው ተረከዙን አጋጭቶ እጁን ወደ ግንባሩ ሰደደ። ሻንጣ የሚገፋው ኔፓላዊ ቆሞ አየው፤ አንዲት ፊሊፒናዊት ፈገግ አለች። ይዩ። እሳቸውም እጃቸውን አንስተው ሰላምታውን ተቀበሉና በጥጋቡ ክንድ ተደግፈው ገቡ። እንደ ያኔው ዞረው አላዩም።

ያን ዕለት ማታ የቤርሳቤህ ወንድም ከአዲስ አበባ ሲደውልላት፣ አባዬ የት ሄጄ ነበር እያለ ይጠይቃል፣ አላት። ዶሃን አያውቁትም፣ ደምሰውንም። እሷ ግን ይህን ከመስማቷ በፊት፣ ከአየር ማረፊያው ሲመለሱ፣ ከመኪናው አጠገብ ቆማ የኋላውን በር አየችና ትታው ጋቢና ገባች። ዓይኗ አብጦ ነበር። አያቴ ስፌቱን የገለበጡትን እስቲ ድገምልኝ አለችው፤ አንቱታውን ከዚያን ቀን ጀምሮ ተወችው። ደምሰውም ከፍቼ ጀመረላት፤ ፈሪጅ አብዱልአዚዝ ሲደርሱ፣ በታሪኩ ጄኔራሉ ገና አካዳሚ አልገቡም ነበር።

በሦስተኛው ወር የደምሰው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ መታደሻ ደረሰ። ባባ እንደ ሁልጊዜው ወረቀቱን ሲያዘጋጅ፣ ደምሰው ኸላስ፣ በቃኝ፣ አገሬ እገባለሁ፣ አለ። ባባ ደነገጠ። ደሞዝ አንሶህ ነው? ማዳም አስቀይማህ ነው? ብሎ ጠየቀ። ደምሰው ምን ብሎ ያስረዳው? ታዝዤ ነው፣ አለ ባጭሩ።

ዓርብ ቦጋለች ደወለች። እንደ ልማዷ መቼ ነው የምትመጣው አለች፣ እንደ ልማዷም መልሱን ሳትጠብቅ ስለ ዝናቡ ልትነግረው ጀመረች። ሰኔ ላይ እመጣለሁ፣ አላት። ቦጋለች ንግግሯን አቁማ ቀሪውን ቃል ጠበቀች፤ ያቺን ኢንሻአላህ። ደምሰው ሌላ ምንም አልጨመረም። ስልኩ ውስጥ ዝናቡ የወሊሶን ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማው ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የቦጋለች ልቅሶ።